የላብ ፕሮክሲ የሥራ ማስታወሻ፣ ጎንደር፦ ሰርቨሩ የአንድ ቀን፣ ፕሮግራሞቹ የሁለት ወር

ቦታው ፒያሳ አካባቢ ያለ የሥልጠና ላብ ነው። 24 ኮምፒውተር አለ፤ 14ቱ ኡቡንቱ 24.04፣ 10ሩ ዊንዶውስ 10። መስመሩ 10 ሜጋቢት። ጠዋት ማሽኖቹ ሲከፈቱ እያንዳንዱ ያንኑ ማሻሻያ ለየብቻው ይጎትታል፤ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ገጽ አይከፈትም። ፕሮክሲ፣ ማለትም የማሽኖቹን የኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ በእነሱ ፈንታ የሚያመጣ መካከለኛ ሰርቨር፣ የተፈለገው ለሁለት ነገር ነው፦ አንዴ የወረደ ዳግም እንዳይወርድ፣ አንድ ሰው ደግሞ መስመሩን ብቻውን እንዳይዘው።

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት፦ ማሽኑና ስኩዊድ

ሰርቨር ተብሎ የተመደበው 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ በ3,800 ብር ተገዛለት፤ የነበረው 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ ለፓኬጅ ማከማቻ ቀረ። አድራሻው በእጅ 192.168.10.2 ተብሎ ተሰጠ። ፕሮክሲ አድራሻውን ከዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) ከወሰደ አንድ ቀን ይቀየርና 24 ማሽን ያለ ኢንተርኔት ያስቀራል።

ስኩዊድን (የፕሮክሲውን ፕሮግራም) ኢንስቶል ማድረግ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከአንድ ተማሪ ማሽን ሲሞከር ግን 403 (ክልክል ነው)። ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይ «ቲሲፒ ዲናይድ» ይላል። ምክንያቱ፦ ኡቡንቱ ላይ ስኩዊድ ሲጫን ከራሱ ማሽን በቀር ለማንም አይፈቅድም። «ሎካልኔት»ን (የውስጥ ኔትወርኩን) የሚፈቅደው መስመር ተጽፎ አለ፣ ግን ፊቱ ላይ # ስላለበት አይሠራም። ምልክቱን ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ ከ«ሁሉንም ከልክል» መስመር በላይ መሆኑም መታየት አለበት፤ ስኩዊድ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የገጠመለትን ይወስዳል። የላቡ ኔትወርክ 192.168.10.0/24 ብቻ እንዲሆን አጠበብነው፤ ስኩዊድም በሰርቨሩ የላብ አድራሻ፣ ፖርት 3128 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ተደረገ። ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ፕሮክሲ ሌሊቱን የማንም የስፓም መላኪያ ሆኖ ያድራል።

የመጀመሪያው ስሕተት ካሹ (የወረደው ለዳግም አገልግሎት የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ነው። «ዲስኩ ባዶ ነው» ተብሎ 200 ጊጋ ተሰጠው። ስኩዊድ ግን በዲስክ ላይ ለያዘው እያንዳንዱ ጊጋ በ64 ቢት ማሽን 14 ሜጋ ያህል ራም ለማውጫ ይፈልጋል። ካሹ ሲሞላ 2.8 ጊጋ ለማውጫው ብቻ ሊሄድ ነው፣ ያውም በ4 ጊጋ ማሽን ላይ። ራሙ አልቆ ወደ ዲስክ መገልበጥ (ስዋፕ) ከገባ ፕሮክሲው ከመስመሩ ይብሳል። ወደ 60 ጊጋ ወረደ፤ 840 ሜጋ ያህል ማለት ነው። የራም ካሹ በነበረበት 256 ሜጋ ተተወ።

ሌላው፣ አንድ ነገር ካሽ የሚደረግበት ከፍተኛ መጠን ካልተነካ 4 ሜጋ ነው። የኡቡንቱ ከርነል ፓኬጅ እንኳ አይገባበትም። ወደ 4 ጊጋ ከፍ ተደረገ፤ ይህን የሚለው መስመር ደግሞ የካሽ ፎልደሩን ከሚያውጀው መስመር በላይ ነው መጻፍ ያለበት። መጀመሪያ ከታች ተጽፎ ነበርና አንድ ቀን ሙሉ ትልልቆቹ ፋይሎች «ሚስ» (ካሽ ውስጥ የለም) ብቻ ሲሉ ዋሉ።

ማዋቀሪያው በተነካ ቁጥር መጀመሪያ የማረሚያ ኮማንዱን (ስኩዊድ ከነ«ፓርስ» አማራጩ)፣ ቀጥሎ «ሪኮንፊገር» (ማዋቀሪያውን እንደገና አንብብ)። ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም፤ ስኩዊድ ሲዘጋ ክፍት ግንኙነቶችን እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ በዚያ መሃል ላቡ በሙሉ ይጮኻል። ከድሮ መመሪያ መገልበጥም አይበጅም። አይፒ ቨርዥን 4ን አስቀድም የሚለው ትእዛዝ ከስኩዊድ 5 ጀምሮ ወጥቷል፣ መመሪያዎቹ ግን አሁንም ይዘውት ይዞራሉ።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት፦ ካሹ ለምን ባዶ ሆነ

ሳምንት ሙሉ ሠርቶ «ሂት» (ከካሽ የተገኘ) የሚለው ከመቶ አሥር እጅ አልሞላም። ሎጉን ላየ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው መስመር «ቲሲፒ ተነል» ይላል። ኤችቲቲፒኤስ ገጽ በፕሮክሲ ሲያልፍ ብራውዘሩ «ኮኔክት» ብሎ ከፕሮክሲው ቧንቧ ይለምናል፤ በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው የተመሰጠረ ነው። ስኩዊድ የሚያየው የድረ ገጹን ስም፣ ፖርቱንና የባይቱን ብዛት ብቻ ነው። ያላየውን ደግሞ ማስቀመጥ አይችልም።

ምስጢሩን መሃል ላይ ፈትቶ ካሽ ማድረግ የሚባል መንገድ አለ። በ24ቱም ማሽን የራስን ሰርቲፊኬት መትከል ይጠይቃል፤ የባንክ ገጽ የሚከፍት ሰው የይለፍ ቃል በላቡ ሰርቨር ውስጥ ተፈትቶ ያልፋል ማለት ነው። ለማሻሻያ ቁጠባ ሲባል ይህ አይደረግም። ተትቷል።

ታዲያ ካሽ የሚሆነው ምንድን ነው? በተራ ኤችቲቲፒ የሚመጣና በዲጂታል ፊርማ የሚረጋገጥ ነገር። የኡቡንቱ ፓኬጆችና አብዛኛው የዊንዶውስ ማሻሻያ ፋይል እንዲህ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መስመሩን የሚያንቁትም እነሱው ስለሆኑ ዕቅዱ ተለወጠ። ስኩዊድ ለበርና ለሚዛን፤ ቁጠባው ደግሞ ለየሥራው በተሠሩ መሣሪያዎች።

ኅዳር፣ 3ኛ ሳምንት፦ ኤፒቲ-ካቸር-ኤንጂ

ኤፒቲ የኡቡንቱ ፓኬጅ ማውረጃ ነው፤ ካቸሩ ደግሞ አንዴ የወረደውን ለሌሎቹ ማሽኖች ያስቀምጣል። ለኡቡንቱዎቹ ይህን የሚያህል አልተገኘም። ፖርቱ 3142፤ ማከማቻው ወደ 500 ጊጋው ሀርድ ዲስክ ተዛወረ። በየተማሪው ማሽን በኤፒቲ የማዋቀሪያ ፎልደር ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል፦ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ 192.168.10.2፣ ፖርት 3142። የመጀመሪያው ማሽን በመስመሩ ፍጥነት አወረደ፤ ሁለተኛው ያንኑ ከዲስክ ወሰደ።

ወዲያው ሌላ ጉድ መጣ። የኤዲተር ፓኬጅ የሚያመጣ አንድ የውጭ ማከማቻ ኤችቲቲፒኤስ ነበርና እንደገና 403። ኤፒቲ ለኤችቲቲፒኤስ የተለየ ፕሮክሲ ካልተነገረው የኤችቲቲፒውን ይጠቀማል፤ ካቸሩ ደግሞ ቧንቧ ክፈትልኝ ሲባል ካልተፈቀደለት እምቢ ይላል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ለኤችቲቲፒኤስ ሁለተኛ መስመር ጽፎ ወደ ስኩዊድ 3128 መላክ። ሌላው ካቸሩ በማለፊያ ዝርዝሩ እንዲፈቅድ ማድረግ። የመጀመሪያው ተመረጠ፤ ቢያንስ ሎጉ አንድ ቦታ ይሆናል።

ፋየርፎክስ ኡቡንቱ ላይ በስናፕ (ከኤፒቲ የተለየ የፕሮግራም ማሰራጫ) ነው የሚመጣው። ስናፕ ኤፒቲ የተነገረውን አይሰማም፤ የራሱ የሲስተም ፕሮክሲ ማዘዣ አለው፣ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚወርድም እዚህ ካሽ አይሆንም። 14ቱም በአንድ ጠዋት እንዳይጎትቱ የስናፕ ማደሻ ሰዓት ወደ ሌሊት ተዛወረ። ላቡ ማታ ስለሚዘጋ ግን ማሽኖቹ ሲከፈቱ ያመለጣቸውን ይጀምራሉ። ስለዚህ አሁን ረቡዕ ማታ አንድ ሰው ሁሉንም ክፍት ትቶ ይሄዳል። ግማሽ መፍትሔ ነው።

ታኅሣሥ፣ 1ኛ ሳምንት፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጆሮው የት ነው?

ዋናው ሥራ ይህ ሆኖ ተገኘ። «ፕሮክሲውን አስገብቻለሁ፣ ግን አይሠራም» የሚል ሰው አንድ ፕሮግራም ላይ አስገብቶ በሌላው ይሞክራል።

ተርሚናሉ የሚሰማው በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሲነሱ በሚያነቧቸው ስም የተሰጣቸው ዋጋዎች) ነው፦ «ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ»፣ «ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ»፣ «ኖ ፕሮክሲ»። የኤችቲቲፒኤሱ ዋጋም በተራ ኤችቲቲፒ አድራሻ ነው የሚጀምረው፤ ፕሮክሲው ራሱ የሚሰማው በዚያ ነውና። በትንንሽ ፊደልም በትልልቅም መጻፍ ይሻላል። ከርል (ከተርሚናል የድር አድራሻ የሚጠይቅ ፕሮግራም) የኤችቲቲፒውን በትንሽ ፊደል ካልሆነ አይቀበልም፤ ድር ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በተመሳሳይ ስም ከውጭ ሊታለሉ ስለሚችሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሌሎች ደግሞ ትልቁን ይፈልጋሉ።

ለሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ እንዲሆን «ኢንቫይሮንመንት» በተባለው የሲስተም ፋይል ውስጥ ገባ። ይህ ፋይል የሼል ስክሪፕት አይደለም፦ «ኤክስፖርት» አይጻፍበትም፣ አንዱ ቫሪያብል ሌላውን አይጠራም፣ ወጥቶ እንደገና ሳይገቡም አይነበብም። ሱዶ (ኮማንድን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው) ደግሞ እነዚህን ቫሪያብሎች አራግፎ ነው የሚሄደው። ያለ ሱዶ የሚሠራ ኮማንድ በሱዶ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በሱዶ ማዋቀሪያ ውስጥ ሦስቱ ስሞች እንዲያልፉ ተፈቀደ።

«ኖ ፕሮክሲ» (ያለ ፕሮክሲ የሚደረስባቸው አድራሻዎች ዝርዝር) ላይ ግማሽ ቀን ጠፋ። 192.168.10.0/24 ተብሎ ተጻፈ። ከከርል 7.86 ወዲህ ያሉት ይህን ይረዳሉ፣ ሌላው ማውረጃ ደብሊውጌት ግን አይረዳም፤ እሱ የሚያውቀው የስም መጨረሻን ማመሳከር ነው። የላቡ የራሱ ሰርቨሮች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሙሉ አድራሻቸው በኮማ ተለይቶ ተጻፈ፤ ሎካልሆስትም (ማሽኑ ራሱ) ተጨመረ። ይህ ካልተደረገ ክፍሉ ውስጥ ባለው የኪዊክስ ሰርቨር የተቀመጠው ዊኪፔዲያ እንኳ በፕሮክሲው ዞሮ ይመጣል።

ጊት (የኮድ ቅጂዎች መያዣ)፦ በኤችቲቲፒኤስ የተቀዳ ፕሮጀክት ቫሪያብሉን ይሰማል፣ የራሱ ማዘዣም አለው። በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) የተቀዳው ግን ሁለቱንም አይሰማም፤ ፖርት 22 በስኩዊድ አያልፍም፣ በተለምዶ ለቧንቧ የተፈቀደው 443 ብቻ ነው። ጊትሃብ ኤስኤስኤችን በ443 የሚቀበልበት የተለየ አድራሻ አለው። በኤስኤስኤች ማዋቀሪያ ውስጥ አድራሻውን ወደዚያ አዙሮ፣ ማገናኛ ኮማንዱን ኔትካት በ«ኮኔክት» ስልት እንዲሆን ማድረግ ነው። ተሠርቷል። ለጀማሪ ግን ኤችቲቲፒኤስ ተጠቀም ማለት ይቀላል።

ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ ማውረጃ)፦ ቫሪያብሉን ያለ ችግር ይሰማል፣ በማሽኖቹ መካከል የጋራ ካሽ ግን የለም። 14 ተማሪ በአንድ ሰዓት ያንኑ የዳታ ላይብረሪ ሲያወርድ መስመሩ ያልቃል። የፒፕ ፓኬጆችን ለሁሉም የሚያስቀምጥ ዴቭፒአይ ተተከለ፤ ፖርት 3141። ሲነሳ ከራሱ ማሽን ብቻ ስለሚሰማ «ሆስት» የሚለው 0.0.0.0 መሆን አለበት። በተማሪው ማሽን የፒፕ ማዋቀሪያ ውስጥ የማውጫው አድራሻና፣ ኤችቲቲፒኤስ ስላልሆነ፣ «የታመነ ሆስት» የሚለው መስመር ይገባል። ከተተከሉት ሁሉ ለክፍል ሥራ የጠቀመው ይህ ነው ብንል አልተጋነነም። ለኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማውረጃ) ተመሳሳዩ ቨርዳቺዮ ነው፣ ፖርት 4873፤ የጃቫስክሪፕት ክፍሉ ሲጀመር ይተከላል።

ዶከር (ፕሮግራምን ከነአስፈላጊው ጠቅልሎ በኮንቴይነር የሚያስኬድ) ሁለት ጆሮ አለው። ኢሜጅ የሚጎትተው ከጀርባ ያለው ሰርቪስ ስለሆነ የተርሚናሉን ቫሪያብል አያየውም፤ በሲስተምዲ (የሰርቪሶች አስጀማሪ) ተጨማሪ ፋይል ይነገረዋል፣ ከዚያ ሲስተምዲ ማዋቀሪያውን እንደገና አንብቦ ዶከር ሪስታርት ይደረጋል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ደግሞ በተጠቃሚው የዶከር ማዋቀሪያ ይነገረዋል። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው ኢሜጁ ይወርድለትና ቢልዱ ላይ ይቆማል።

ፕሮክሲ የማያውቅ ፕሮግራም ሲገጥም ፕሮክሲቼይንስ-ኤንጂ አለ። ላይብረሪ አስቀድሞ በመጫን የኔትወርክ ጥሪውን ስለሚጠልፍ፣ ሁሉን በውስጡ ጠቅልሎ የተሠራ ፕሮግራም ላይ አይሠራም፤ በጎ ቋንቋ የተጻፉ ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው። ፒንግም (የመስመር መሞከሪያው) በምንም ዓይነት በዚህ አያልፍም። «ፒንግ አይሄድም፣ ኢንተርኔት የለም» እያለ የመጣ ሰው ብራውዘሩ ተከፍቶ ሲታይ ደህና ነው። ብራውዘሩ ስሙን ለፕሮክሲው ሰጥቶ ፕሮክሲው ነው ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠውን) የሚጠይቀው፤ ፒንግ ግን ራሱ መጠየቅ አለበት። ለሙከራ የሚበጀው ከርል ከነዝርዝር አማራጩ ነው፣ ከፕሮክሲው ጋር የተነጋገረውን ሁሉ ያሳያል።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት፦ ዊንዶውሶቹ

ሴቲንግ ውስጥ ያለው የፕሮክሲ ገጽ ለብራውዘርና ለተጠቃሚው ፕሮግራሞች ነው። ከጀርባ የሚሠሩ ሰርቪሶች የሚሰሙት በዊንኤችቲቲፒ (በሰርቪሶቹ የተለየ የፕሮክሲ ማዘዣ) ስለሆነ፣ በአስተዳዳሪ ተርሚናል በኔትኤስኤች ኮማንድ ከተጠቃሚው ሴቲንግ ይገለበጣል። ይህ ሳይደረግ የዊንዶውስ ማሻሻያ ራውተሩን በቀጥታ ይፈልጋል፤ ራውተሩ ደግሞ ከፕሮክሲው በቀር ለማንም የድር ፖርቶቹን 80ንና 443ን ስለዘጋ ማሻሻያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የማሻሻያው ፋይል በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚጠየቀው። ስኩዊድ ቁራጭን አያስቀምጥም። ሙሉውን ከመጀመሪያው እንዲያወርድ የሚያዝ ትእዛዝ አለ፤ ለማሻሻያው አድራሻዎች ብቻ ተወስኖ ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ ለሁሉም ተጽፎ አንድ ተማሪ ጀምሮ የተወውን 3 ጊጋ ፋይል ስኩዊድ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲጎትተው አደረ። ማንም አልወሰደው።

ታኅሣሥ፣ 3ኛ ሳምንት፦ ሚዛንና ሰዓት

የፍጥነት ማከፋፈያው «ዲሌይ ፑል» ይባላል። 2ኛው ዓይነት (ክላስ 2) ለጠቅላላውና ለእያንዳንዱ ማሽን ለየብቻ ገደብ ያወጣል። ለእያንዳንዱ 512 ኪሎቢት ተብሎ 512,000 ተጻፈ። ቁጥሩ ግን በሰከንድ ባይት ነው፣ ቢት አይደለም። 10 ሜጋቢት 1,250,000 ባይት ነውና ሦስት ማሽኖች መስመሩን ጨረሱት። 64,000 ሲሆን ልክ መጣ። 24 ጊዜ 64,000 ከመስመሩ ይበልጣል፣ ሁሉም እኩል ስለማይጎትቱ ግን ይሁን ተብሏል። ከካሽ የሚወጣው በዚህ አይገደብም፤ እንዲያውም ጥሩ።

የቪዲዮ ገጾች በክፍል ሰዓት ይዘጉ ተባለ። የዩቲዩብ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ቪዲዮው ራሱ የሚመጣው ከጉግልቪዲዮ ነው። ከስሙ ፊት ነጥብ ካልገባ ደግሞ ንዑስ ስሞቹ ያመልጣሉ።

ከዚያ ሰዓቱ። የጠዋቱ ክፍል ከ2:30 እስከ 6:30 ነውና እንደዚያው 02:30-06:30 ተብሎ ተጻፈ። ስኩዊድ የሚቆጥረው ግን ከእኩለ ሌሊት ነውና ገደቡ በአብዛኛው ሰው በሌለበት ሰዓት በትጋት ሠራ፤ ቀን ክፍሉ ውስጥ ድራማ ይታያል። ወደ 08:30-12:30 ተስተካከለ። አሁን ደግሞ ገደቡ የሚጀምረው ከረፋዱ 5:30 ነው። ሰርቨሩ ሲጫን የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ቀርቶ ኖሮ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በታይምዴትሲቲኤል ኮማንድ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረና ስኩዊድ አንዴ ሪስታርት ተደረገ። ሐሙስ ቀን እንደገና ክፍት ሆኖ ተገኘ። በስኩዊድ የቀን ፊደል ቲ ማክሰኞ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ኤች ነው፣ ቅዳሜ ኤ፣ እሑድ ኤስ። ለሐሙስም ቲ ተጽፎ ነበር።

ሲዘጋም ተማሪው የሚያየው የስኩዊድን ማስታወቂያ አይደለም። ቧንቧ ሲከለከል ብራውዘሩ የራሱን «ፕሮክሲው ግንኙነቱን አልተቀበለም» የሚል ገጽ ነው የሚያሳየው። በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ሌላ መላ የለውም።

ታኅሣሥ፣ 4ኛ ሳምንት፦ መብራት

መብራት ሁለት ጊዜ ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ስኩዊድ ማውጫውን «ቆሻሻ ሎግ» እያለ እንደገና ሲገነባ ደቂቃዎች ወሰደ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ነው። 650 ቪኤ ዩፒኤስ በ7,500 ብር ተገዛ። ለሰርቨሩ፣ ለስዊቹና ለራውተሩ ብቻ ነው፤ ሞኒተር አይሰካበትም።

የባሰው ግን የሲሞስ ባትሪው (ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዘው) ነበር። አልቆ ስለነበር ማሽኑ ሲነሳ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ተነሳ። ኤፒቲ «ይህ ፋይል ገና አልጸናም» አለ፣ የኤችቲቲፒኤስ ሰርቲፊኬት ሁሉ ወደቀ። ሲአር2032 ባትሪ 60 ብር። የተማሪ ማሽኖቹም ሰዓት የሚጠይቁበት ኤንቲፒ በዩዲፒ 123 ስለሆነ በኤችቲቲፒ ፕሮክሲ አያልፍም፤ ሰርቨሩ ላይ ክሮኒ (የሰዓት ሰርቨር) ተተክሎ ለላቡ ኔትወርክ እንዲመልስ ተፈቀደ።

ጥር፣ 2ኛ ሳምንት፦ ፓክ ፋይል

ለጥምቀት ላቡ ስለተዘጋ የብራውዘሮቹ ሥራ በአንድ ጊዜ ተሠራ። 24 ማሽን ላይ በእጅ አድራሻ ከመጻፍ አንድ ፓክ ፋይል (ብራውዘሩ ፕሮክሲውን መቼ እንደሚጠቀም የሚያነብበት) በኤንጂንኤክስ (ድር ሰርቨር) ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ፋይሉ ለላቡ አድራሻዎች «ቀጥታ»፣ ለሌላው «ፕሮክሲ» ይላል። የይዘት ዓይነቱ የፓክ መሆኑ ለኤንጂንኤክስ መነገር አለበት። መጨረሻ ላይ «ፕሮክሲው ከሌለ ቀጥታ» የሚለው አልተጨመረም፤ ራውተሩ ዘግቶታልና ብራውዘሩን በከንቱ ከማስጠበቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ክሮም የሲስተሙን ሴቲንግ ይከተላል። ፋየርፎክስ በፖሊሲ ፋይል ይታዘዛል፤ በኢቲሲ ሥር ባለው የፋየርፎክስ ፖሊሲ ፎልደር ከገባ የስናፑም ያነበዋል። ከርል፣ ጊትና ኤፒቲ ፓክ አያነቡም፤ ለእነሱ የታኅሣሡ ሥራ እንዳለ ይቀጥላል።

የይለፍ ቃል ለጊዜው አልተደረገም። ሲደረግ ግን @ ያለበት የይለፍ ቃል አድራሻው ውስጥ %40 ተብሎ ካልተጻፈ ግማሹ ፕሮግራም የሰርቨሩን ስም ያምታታል፤ ውጤቱ 407 (ፕሮክሲው የይለፍ ቃል ይጠይቃል) ወይም «ሆስት አልተገኘም» ነው።

ስልኮች በዚህ አይገቡም። አንድሮይድ በየዋይፋዩ ፕሮክሲ ይቀበላል፣ አፖቹ ግን ያንን የመስማት ግዴታ የለባቸውም። በስልክ ላይ ያለው ቴሌግራም ሶክስ5 (ሌላ የፕሮክሲ ዓይነት) ወይም የራሱን ኤምቲፕሮቶ ነው የሚፈልገው፣ ስኩዊድ ደግሞ ሁለቱንም አይሰጥም። የሶክስ ሰርቨሩን ዳንቴን በፖርት 1080 መትከል ይቻል ነበር፤ የአሠልጣኞች ዋይፋይ ለብቻው ተለይቶ ተተወ።

የቀረ፦ ጎአክሰስ (የሎግ መተንተኛ) የስኩዊድ ሎግ ፎርማት ስለሚያውቅ የሳምንት ሪፖርት እንዲያወጣ ማድረግ፤ ራሙን ወደ 8 ጊጋ ማሳደግ (ፒያሳ ሱቆች ዲዲአር3 ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ ታዟል)፤ ቨርዳቺዮ፤ ከ9ኛው ማሽን የሚሄደው ገመድ አንድ ጥንዱ ተቆርጦ 100 ሜጋቢት ላይ ስለወረደ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መግጠም።